ቆይታችሁ ኑ

ላሊበላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርያማዊት፤

በቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው አስተምረውናል። እኔ ግን አንቺ በጠየቅሽው እጀምራለሁ። እግሬ አለ። ሁለቱም አሉ። ማታ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ በጣቶቼ መሀል እያየሁ አደርቃለሁ፤ ቁስል የለም። የስኳሩንም የደም ግፊቱንም ክኒን እውጣለሁ። ሐኪሙ «እንዲህ ከቀጠሉ ይቺን እግር አያቆዩዋትም» ያለኝን አልረሳሁትም፤ በየደብዳቤሽ ማንሳት አያስፈልግሽም።

ስልክ እያለ ለምን በወረቀት ብለሻል። ስልኩ ድምፁ እንደ ገበያ ለፋፊ ነው። አንቺ ጋሸና ሆነሽ የምትናገሪውን አባትሽ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙታል፤ መልሱንም ከእኔ ቀድመው ይመልሳሉ። ወረቀት ግን አያዩም። ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈው። ክፉ ነሽ ካልሽኝ ክፉ ነኝ። ፊደል መቁጠሬንም እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቀበሌ ስሄድ የሴቶች ስብሰባ ይመስላቸው ነበር። አንቺም እንዳትነግሪያቸው። ደብዳቤውን የሚኒባሱ ሾፌር ደሳለ ያደርስልሻል፤ እሱ አፉ ሰፊ ቢሆንም ማንበብ አይወድም።

አሁን ወደ ምክርሽ። «በቀን አንዲት ሰዓት ለራስሽ ብቻ፤ ግማሹን በእግርሽ ሂጂ፣ ግማሹን አንብቢ፣ ጻፊ» ብለሻል። ሳቅሁ። የሳቅሁት በአንቺ አይደለም። አባትሽ በወይራው ሥር ልጆች ሲያስተምሩ ሠላሳ ስምንት ዓመት እኔ የተቀመጥኩት በር ላይ፣ እዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። ሰው ሲመጣ «የኔታ ትምህርት ላይ ናቸው፤ ቆይታችሁ ኑ» እላለሁ። ምስር እየለቀምኩ፣ አንቺን ጡት እያጠባሁ፣ አንዴም ምጥ ይዞኝ ይህንኑ ስል ኖርኩ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት «እኔንም ያስቆጥሩኝ» ብያቸው ነበር። ሳቁ። «ፊደል ወጥ አይሠራም» አሉኝ። ለእኔ በር ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ዛሬስ ከየት ይመጣል?

ቢሆንም እሞክራለሁ። ፀሐይ ስትወጣ፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት። እግሬን ስለምፈልጋት ነው እንጂ አንቺን ለማስደሰት አይደለም።

እናትሽ የሻረግ

ላሊበላ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ማንም አልሞተም። ደሳለ የነገረሽን እርሺው። ጥቁር ለብሰሽ እንዳትመጪ።

የሆነው እንዲህ ነው። አንቺ «ላብ ላብ እስኪልሽ ፈጠን ብለሽ ሂጂ» አላልሽም? ወጣሁ። ሣሩ ጤዛ ስለነበረው የነጠላዬ ጥለት እንዳይረጥብ ገልብጬ ወደ አንገቴ አዞርኩት። ይኸው ነው ጥፋቴ። ጎረቤታችን ባንችይርጋ ከበሯ ብቅ ብላ «እትዬ የሻረግ፣ ወዴት ነው በማለዳ?» አለችኝ። እኔስ ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ? «እሄዳለሁ» አልኳትና አለፍኩ። በአገራችን ጥለቷን ወደ ላይ አድርጋ፣ አፏን ዘግታ፣ በማለዳ የምትፈጥን ሴት ከለቅሶ በቀር ወዴት ትሄዳለች?

የብልባላ መንገድ መታጠፊያ ስደርስ ከኋላዬ «ወይኔ! ወይኔ!» ሰማሁ። ዞር ብል ሰባት ሴቶች ነጠላቸውን ገልብጠው እያለቀሱ ይከተሉኛል። ከእነሱ ኋላ ደግሞ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ወልደ ሰንበት ጡሩንባውን በብብቱ ይዞ ያለከልካል።

«ስሙን ብቻ ንገሪኝ እንጂ» አለኝ። «የማን ብዬ ልንፋ?»

«ማንም አልሞተም» አልኩ።

«ታዲያ ወዴት ነው?» አለች ባንችይርጋ።

«የትም። ለጤናዬ ነው።»

«ለጤና ብሎ የትም መሄድ አለ እንዴ? ሰው ወይ ገበያ ይሄዳል፣ ወይ ውሃ ይቀዳል፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ይስማል!»

ይታገሱ ደግሞ፣ ያቺ አልቃሿ፣ ዓይኗን እየጠረገች «እኔ እንባዬን ጨርሻለሁ፤ ነገ እውነተኛ ሰው ቢሞት በምን ላለቅስ ነው?» አለች። ከዚያ ሁሉም መሳቅ ጀመሩ፤ እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

አባትሽ ስመለስ በድምፄ አወቁኝ። «ማን ሞተ?» አሉ። «እኔ አልሞትኩም» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዤ ነው የምወጣው። ጀሪካን የያዘች ሴት ማንም አይጠይቃትም። ምንጩን አልፌ፣ መታጠፊያውን አልፌ፣ ባዶውን ይዤው እመለሳለሁ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለራሴው እግር ስል እንደ ሌባ እደበቃለሁ።

የሻረግ

ጋሸና፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፤

ደብዳቤሽን ጤና ጣቢያው ውስጥ በመርፌ ክፍል አነበብኩት። ስስቅ ታካሚዎቹ እብድ መሰልኳቸው። ከዚያ ጀሪካኑ ጋ ስደርስ ሳቁ ቆመ። ይቅርታ እማ። ምክሩን ስጽፍልሽ አንቺ በምን መንገድ፣ በማን ዓይን ፊት እንደምትሄጂ አላሰብኩም ነበር።

የዘገየሁት ተረኛ ስለነበርኩ ነው። ልጁም ጥርስ እያወጣ ነው። አማችሽ ምናለም ደህና ነው።

ሁለት ነገር ብቻ። ጨው ቀንሽ፤ ከወጡም፣ ከቆሎውም። ሌላው፣ አባባ የጠዋት ጸሎታቸውን እንደ ድሮው ይደግማሉ? ባለፈው በማለዳ ስደውል ድምፃቸው ከኋላሽ ይሰማኝ ነበር። መሀል ላይ ተቋረጠ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመሩ። መስመሩ ነው ብዬ ነበር፤ ግን የአንቺ ድምፅ አልተቋረጠም።

ማርያማዊት

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ጨው ቀንሻለሁ። አባትሽ በመጀመሪያው ቀን «ወጡን ማን ሠራው?» አሉ። በሁለተኛው ቀን «የሞተው ሰው የወጡ ጨው ነው እንዴ?» አሉ። ሦስተኛው ቀን ዝም ብለው በሉ። አባትሽ ደህና ናቸው።

ሰዓቴን ይዣለሁ። ግማሹን ከጀሪካኔ ጋር እሄዳለሁ። ሌላውን ግማሽ ከወይራው ሥር፣ ግንዱን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ከተበተኑ ወዲህ እዚያ የሚቀመጥ የለም፤ መሬቱ ግን አሁንም ከመቀመጫቸው ብዛት ጎድጉዶ ነው ያለው። መጀመሪያ የቀበሌውን መጽሐፍ አነበብኩ፤ ስለ ንቦችና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ነው። አለቀ። ከዚያ የአባትሽን የጸሎት መጽሐፍ አወረድኩ። የቆዳ ማኅደሩን ባዶውን እንደተሰቀለ ትቼዋለሁ፤ በእጃቸው ቢዳስሱት እንዲያገኙት። ግዕዙ አይገባኝም፤ ፊደሉ ግን ያው ፊደል ነው።

ስለ ጸሎታቸው ጠይቀሻል። ደህና ናቸው። ዕድሜ ነው። ደህና ናቸው።

በቅሎዋን ሸጥናት። ብዙ ጻፍኩ፤ ሰዓቴ አልቋል።

የሻረግ

ጋሸና፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፤

በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ «ደህና ናቸው» ብለሽ ጽፈሻል። አንቺ ደግሞ ነገር የምትደግሚው ስትደብቂ ነው።

ለገና መምጣት አልቻልኩም፤ ፈቃድ የሚሰጠው በዕጣ ነበር፤ ዕጣው አልወጣልኝም። ስለዚህ መጥቼ በዓይኔ ማየት አልችልም። ንገሪኝ።

ማርያማዊት

ላሊበላ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፤

ገና አለፈ። እንኳን አላየሽን። ከየአገሩ የመጣ የአባትሽ የድሮ ተማሪ ሁሉ ቤታችን ነው ያረፈው። ከቡግና፣ ከኩልመስክ፣ አንዱማ ከጎንደር። «የኔታን ሳንስም አንሄድም» ይላሉ፤ ስመው ደግሞ አይሄዱም። ዐሥራ አንድ ቀን ሰዓቴን አላየኋትም። ስለ እግሬም ልንገርሽ። ትንሿ ጣቴ ላይ የሆነ ነገር ወጥቶ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄጄ አጥበውልኛል፤ አሁን ደርቋል። በጊዜው ያልነገርኩሽ በሌሊት መኪና ለምነሽ ስለምትመጪ ነው።

አሁን የጠየቅሽኝን እነግርሻለሁ። አባትሽ ይረሳሉ።

በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ቆመው ይጀምራሉ። ድምፃቸው እንደምታውቂው ነው፤ አልደከመም። አንዲት ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ። በሬ የማሳው ጫፍ ደርሶ እንደሚዞር ከዚያች ቦታ ይመለሳሉ፤ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ እንደገና እዚያው ይደርሳሉ፤ ይቆማሉ። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ከዚያ እንደጨረሰ ሰው ጮክ ብለው ያሳርጋሉ፤ ጎረቤት እንዲሰማ ነው። ሁለት መቶ ልጅ በቃሉ ያስያዙ ሰው ናቸው። ማንም እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። ተማሪዎቹ ሲመጡ «ጉንፋን ይዞኛል፤ እናንተ ድገሙ» ይሏቸዋል።

እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ከወይራው ሥር ነኝ፤ መጽሐፋቸው ጉልበቴ ላይ ነው። ዜማውን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰምቼዋለሁና የት እንዳሉ አውቃለሁ። እሳቸው በአፋቸው፣ እኔ በጣቴ፣ አብረን እንሄዳለን። ያቺ ቦታ ስትደርስ እሳቸው ይቆማሉ። የሚቀጥለው ቃል ከጣቴ ሥር ነው። አልነግራቸውም።

ለምን ትያለሽ። አንደኛው ክፋት ነው። ያን ሳቃቸውን በየቀኑ እመልስላቸዋለሁ፤ ሳልስቅ። ሁለተኛው ግን ፍርሃት ነው። አንድ ጊዜ ካነበብኩላቸው ያቺ ሰዓት የእኔ መሆኗ ይቀራል። የእሳቸው ነገር ሁሉ የቤቱ ነገር ነው፤ የእኔ ነገር ግን ሲተርፍ ብቻ ነው። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ያገኘኋትን አንዲት ሰዓት መልሼ በር ላይ ላስቀምጣት?

አሁን አወቅሽ። የፈለግሽውን ፍረጂብኝ።

የሻረግ

ጋሸና፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፤

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ። አባባ እንደዚያ በረንዳው ላይ ቆመው ታዩኝ። በአራተኛው ግን አንቺ ታየሽኝ።

አንድ ነገር ላስታውስሽ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እዚያው ወይራ ሥር ነው፤ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከወንዶቹ መሀል አንድ ሴት እኔ። አንቺ በር ላይ ድንጋይዋ ላይ ነበርሽ። እኔ ስጮህ የአንቺ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። አይቼዋለሁ። እማዬ ትጸልያለች ብዬ አሰብኩ። ጸሎት እንዳልነበረ ዛሬ ገባኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አንብቢላቸው ልልሽ አልችልም። አታንብቢላቸው ልልሽም አልችልም፤ አባቴ ናቸው። ጣትሽን ግን በየቀኑ እያየሽ ጻፊልኝ። የእግርሽን ጣት ማለቴ ነው።

ወረቀት አልቆብኝ በተገኘው ነው የጻፍኩት፤ አትታዘቢኝ።

ማርያማዊት

ላሊበላ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

ከንፈሬን ያየሽ አይመስለኝም ነበር። አንቺ ስትማሪ ደስ ብሎኛል። ቀንቼብሽማል። ሁለቱም እውነት ነው፤ እናት አይቀናም የሚል ውሸታም ነው።

እንግዲህ ስሚ። ባለፈው ዓርብ አባትሽ ያቺ ቦታ ደረሱና ቆሙ። እንደ ወትሯቸው ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተመለሱም። ፊታቸውን ወደ ወይራው አዙረው፣ በዚያ በድሮው ድምፃቸው፣ «አንተ ገብረመስቀል፣ ቀጥል!» አሉ። ገብረመስቀል ዛሬ የሦስት ልጆች አባት፣ ቄስ ነው። ወይራው ሥር ከእኔ በቀር ማንም የለም። እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ልጁ እስኪቀጥል።

ቀጠልኩ።

ቃሉን አነበብኩት፤ ከዚያም ተከታዩን፤ እንደ ሕፃን እየቆረጥኩ። አንድ ሁለቱን ሳልሰናከል አላለፍኩም። የአባትሽ እጅ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አንቱ አይደሉም» አልኳቸው።

መቋሚያቸውን ፈልገው ወደ ቤት ገቡ። ምሳ ሲቀርብም ስለ ጨው አላነሱም።

ሌላ ጉዳይ። ወረቀት አልቆብኝ ብለሽኛል። የላክሽው ወረቀት ከዳር የተቀደደ ነው። ድሮ ቢሆን የተጻፈበትን ጎን ብቻ ሰው ያነብልኝ ነበር፤ አሁን ግን ገልብጬም አነባለሁ። ከጀርባው «ምዕራፍ አራት፤ የእናቶችና የሕፃናት ጤና» ይላል። የዲግሪ ትምህርትሽ ደብተር ነው። ፈተናው የካቲት መጨረሻ ነው ብለሽኝ አልነበረም? ሰው የሚማርበትን ደብተር አይቀድም። እኔን በቀን አንዲት ሰዓት ያልሽኝ አንቺ የት ነው ያለሽው?

በደሳለ እጅ አዲስ ደብተር ልኬልሻለሁ። ደብዳቤ አትጻፊበት።

የሻረግ

ላሊበላ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

«ታረቃችሁ ወይ?» ብለሽ በደሳለ የላክሽው ደርሶኛል። አልታረቅንም። የፈራሁት ደረሰ።

ከዚያ ዓርብ በኋላ ገና ጀሪካኔን ሳነሳ «የሻረግ! መጽሐፉን!» ማለት ሆነ። አንድ ቀን አነበብኩ፤ ሁለት ቀን አነበብኩ። ዘጠኝ ቀን። ጥሩ ያዳምጣሉ፤ ስሳሳት ግን ልክ እንደ ተማሪ ይቆጡኛል። ዘጠኙን ቀን አንድ እርምጃ አልሄድኩም፤ አንድ መስመር ለራሴ አልጻፍኩም። ስኳሬ ተለክቶ ሁለት መቶ ሰባ ሆነ። ነርሷ «ምን አደረጉ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጸለይኩ ልበላት?

በዐሥረኛው ቀን መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ይህቺ ሰዓት የእኔ ናት፤ ሌላ ጊዜ ይምረጡ» አልኳቸው።

«የጸሎት ሰዓት የሰው ነው እንዴ? የእግዚአብሔር ናት» አሉ።

«እንግዲያው ከእሱ ይለምኗት» አልኩና ጀሪካኔን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ አልወጡም። በሦስተኛውም ቀን። በሠፈሩ ጠዋት የሚታወቀው በእሳቸው ድምፅ ነበር። ባንችይርጋ መጥታ «የኔታ ታመሙ እንዴ?» አለችኝ። ወልደ ሰንበት እንኳ በአጥሩ አንገቱን አስግጎ አየ፤ ምስኪን፣ ጡሩንባውን ይዞ ነበር።

እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። እንዴት እንደምሄድ አትጠይቂኝ። ወይራው ሥር ስቀመጥ ፊደሉ አይታየኝም፤ የማየው ባዶውን በረንዳ ነው። ትናንት እግሬን ሳጥብ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት በር ላይ ተቀመጥኩልዎ። እኔ የጠየቅሁት አንዲት ሰዓት ነው» አልኳቸው።

እግሬ ደህና ነው። ልቤን አትጠይቂኝ።

የሻረግ

ጋሸና፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፤

ደብተሩ ደረሰኝ። ከተኛው ልጅ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እውነት ነው፤ ትቼው ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ። ልጁ፣ ተረኝነቱ፣ እንግዳው፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንቺን «ለራስሽ» እያልኩ ስጽፍ ለራሴ የምጽፈው ይመስለኝ ነበር፤ አንቺ ከሄድሽ እኔም የሄድኩ። ፈተናውን ለሰኔ አስተላልፌዋለሁ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከሥራ መልስ አንዲት ሰዓት በሩን ዘግቼ አጠናለሁ። ምናለ በየዐሥር ደቂቃው ያንኳኳል፤ «ልጁ አለቀሰ»፣ «ሽንኩርቱ የት ነው»፣ «ሰው መጥቷል»።

ሰዓትሽን አትስጪ፣ እማ። ለአባባም ቢሆን። ልጃቸው ሆኜ ነው የምለው። የእሳቸውም ዝምታ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ መፍትሔው ግን አንቺ ወደ ድንጋይዋ መመለስሽ አይደለም።

ማርያማዊት

ላሊበላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፤

በመጀመሪያ ሁልጊዜ የምትጠይቂው። ስኳሬ መቶ ሃምሳ አምስት። እግሬ አለች፤ ሐኪሙ አይቷት «ይቺን ይዘው ይቀጥሉ» ብሏል። ሌላ እግር ያለኝ ይመስል።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ፤ በሰዓቴ ውስጥ ስለሆንኩ ቸኩዬ አልጽፍም።

ባለፈው ሰኞ መንገዴን ሄጄ ተመለስኩና ወይራው ሥር ተቀመጥኩ። አባትሽ መቋሚያቸውን እየተደገፉ ከቤት ወጡ። ወደ እኔ የሚመጡ መስሎኝ አፌን አዘጋጀሁ፤ ታውቂኛለሽ። አልመጡም። አጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እየተሰናከሉ፣ በሩ ድረስ ሄዱ። እዚያ በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ሲፈልጉ ቆዩና ድንጋይዋን አገኟት። ተቀመጡ። ድንጋይዋ ለእሳቸው ዝቅ ትላለች፤ ጉልበታቸው እስከ ደረታቸው መጣ። ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ አየሁ። ምንም አላደረጉም። ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተቀመጡ።

ትንሽ ቆይቶ ቄስ ገብረመስቀል ከአንድ መምህር ጋር መጡ። ጾም ስለሆነ ሽምብራ ይዘዋል።

«የኔታ፣ እንደምን አደሩ? ምነው ከበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቆይታችሁ ኑ።»

«ምነው የኔታ፣ ጸሎት ላይ ነዎት?»

«እኔ አይደለሁም። የሻረግ ትምህርት ላይ ናት፤ ቆይታችሁ ኑ።»

ገብረመስቀል ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። አባትሽ መቋሚያቸውን በበሩ ላይ አጋደሙት። ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ሁለቱም ሽምብራቸውን እንደያዙ፣ ልክ ድሮ ሰዎች በእኔ ፊት እንደሚያደርጉት፣ ዞረው ወደ ታች ወረዱ።

ፊደሉ ተደባለቀብኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ፤ ጥለቱ ወዴት እንደሆነ አላየሁም። ግን አልተነሳሁም። ሰዓቴ እስኪሞላ አልተነሳሁም። እንዲያ ሆኜ ስድስት መስመር ጻፍኩ፤ አንዱም አይነበብም።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ሄጄ እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸው። እግራቸው ደንዝዞ ነበር። «ይህ ድንጋይ እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ?» አሉኝ።

«ይቀዘቅዛል» አልኳቸው።

በረንዳው ላይ ሄደን ተቀመጥን። መጽሐፉን ከፈትኩ። ከማንበቤ በፊት እንዲህ አሉ፦ «ፊደል ወጥ አይሠራም ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ይኸው፤ ፊደሉንም ቆጠርሽ፤ ወጡም ጨው አጣ።»

ሳቅሁ ልጄ። ልስቅ አልፈለግሁም ነበር፤ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቃቸው ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ይቅር ብያቸዋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ጠዋት አይመለስም፤ የቀዘቀዘብኝንም ድንጋይ አንድ ቀን በመቀመጥ አያሞቁልኝም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ይቀመጣሉ። እኔም ከሁለት ሰዓት በኋላ አነብላቸዋለሁ። ስሳሳት ይቆጡኛል፤ ሲረሱ እቆጣቸዋለሁ። ባንችይርጋ «የኔታ ድምፃቸው ተመለሰ፤ ሁለት ሆኖ ተመለሰ» ትላለች።

ጀሪካኑን ለእሷ ሰጠኋት። ባዶ እጄን ነው የምወጣው። ትናንት ይታገሱ በመንገድ አገኘችኝና «እኔም እንደው የትም ልሂድ ብዬ ነበር» አለችኝ። «ነጠላሽን አስተካክለሽ ነይ» አልኳት።

ስለ ምናለ የጻፍሽውን አስቤበታለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። በር ላይ ተቀምጦ ስለማያውቅ ነው። ያንኳኳልሽ እንደሆነ አትቆጪው። መቀመጫ አውጪና ልጁን አስታቅፈሽ ከበሩ ውጭ አስቀምጪው። የሚለውንም ቃል አስተምሪው፤ አጭር ናት፤ አባትሽ በዚህ ዕድሜያቸው ችለዋታል።

ሰዓቴ ሞላ። አባትሽ በሩ ላይ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ነው፤ ግን አልጠሩኝም።

እናትሽ የሻረግ